ተስፋ የተጣለበት ዘጠኝ ቁጥር

የኢንጂነሪንግ ኮሌጃችን ቡድን በዚያ ዓመት በኮሌጆች ዋንጫ ሰባት ጨዋታ አድርጎ ሁለት ጎል አገባ። አንዷ በፍጹም ቅጣት ምት የተገኘች ናት። ሌላዋን ያገባልን የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ ነው፤ በራሱ መረብ ላይ። ነገሩን በሐቅ ካየነው የማጥቃት መስመራችን በጨዋታ በገዛ እግሩ ያገባት አንድም ጎል አልነበረችም። እኔ የዚያ መስመር የቀኝ ክንፍ ነበርኩ።

ስለ ቀኝ ክንፍ ግን ማንም አላወራም። የሚወራው ስለ ዘጠኝ ቁጥራችን ነበር።

ስሙን አልጠራም። ከመካነ ሰላም አካባቢ የመጣ የቦረና ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ የወግዲ። እዚያው አገራችን ብንሆን ኖሮ ምናልባት አንተዋወቅም ነበር። ከቤቱ ርቆ ለሄደ ተማሪ ግን የሁለቱ ወረዳዎች ወሰን ይጠፋና "የአገሬ ልጅ" ይሆናል። እሱ አንደኛ ዓመት ሲገባ እኔ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ታኬታ እንኳን ሳይኖረው በሸራ ጫማ አራት ጎል አገባ። አሰልጣኛችን፣ ራሱም ተማሪ የነበረ ልጅ፣ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ "ዘንድሮስ ተስፋ አለን" አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቡድኑ ተስፋ ሁሉ እሱ ላይ ሆነ።

በመጨረሻው ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ ነበር የሚያስፈልገን። ካገባን ግማሽ ፍጻሜ እንገባለን። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኳሷ ከተከላካዮች እግር አምልጣ እሱ ፊት መጣች። በረኛው ወድቋል። ጎሉ ባዶ ነው። መታት፤ ከአግዳሚው በላይ ሄዳ ከአጥሩ ማዶ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባች። ተመልካቹ ሳቀ። ማታ ዶርም ውስጥ አንድ ሰው "ናሳ" አለው፤ ሳተላይት አመጠቀ ለማለት። ስሙ ጸናበት። ሳምንት ሳይሞላ ካፌ ሰልፍ ላይ የማያውቁት ልጆች ሳይቀሩ ናሳ ይሉት ጀመር።

ያንን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

በቀጣዩ ዓመት ልምምድ አልመጣም። ከዶርም ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚወስደው አቋራጭ በሜዳው ዳር ነው የሚያልፈው፤ እሱ ግን በጀርባ ዞሮ ይሄድ ነበር። ይህን ሳይ ቅር ይለኝ ነበር፤ ቅር የሚለኝ ግን በራሴ ሳይሆን በእሱ ነው። "ያን ያህል ተስፋ ጥለንበት!" እል ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ የሚከነክነኝ ይሄው አነጋገር ነው። በሰው ላይ ተስፋ መጣል ምን ማለት ነው? ተስፋ የጣልንበት ሰው ሲወድቅስ የመቆጣት መብቱን ከየት አገኘነው?

* * *

ይህን ዓይነት ቁጣ መጀመሪያ ያየሁት ወግዲ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፋ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ትጫወታለች። ዛምቢያ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ እኛ ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለናል።

ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ሳላዲን ሰኢድ መታ፤ የዛምቢያው በረኛ አዳነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። አንድ ሽማግሌ ብቻ "ኧረ ተዉ፣ እዚህ ያደረሰን እሱ አይደል እንዴ?" አሉ። እውነታቸውን ነበር። ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ስናልፍ ካገቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሳላዲን ነው፤ ሌላው አዳነ ግርማ። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ያለ እነዚያ ሁለት ጎሎች ጉዞው እዚያው ያበቃ ነበር።

ከዚያ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም አገባች። በሁለተኛው አጋማሽ በ10 ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ሻይ ቤቱ ተናወጠ። ቅድም "አጥቂ የሚባል የለንም" ሲል የነበረው ሰውዬ "አጥቂ ማለት እንዲህ ነው!" እያለ ጎረቤቱን ያቅፋል። በቀጣዮቹ ጨዋታዎች ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉን፤ ሰውዬውም ወደ መጀመሪያው ንግግሩ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ እኔም አብሬ ነው የጮኽኩት። አሁን ሳስበው ግን እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ከሁላችንም የወጣው የሻይ ሒሳብ ብቻ ነበር። በሻይ ሒሳብ አንድን ሰው እስከ ሰማይ ሰቅለን በሃያ ደቂቃ ውስጥ አወረድነው።

* * *

አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሥራዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ስህተት የታየበት ቦታና ስህተት ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ፕሮግራም ሲወድቅ ኮምፒውተሩ "እዚህ መስመር ላይ ወደቅሁ" ብሎ ይነግርሃል። ጀማሪ ያንን መስመር ያይና እሱኑ ይነካካል። ነገ እንደገና ይወድቃል። ለምን ቢባል ያ መስመር ተቀባይ ነው፤ ቁጥር መምጣት ሲገባው ባዶ መጥቶለት ነው የወደቀው። ባዶውን የላከው ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ፣ ማንም የማያየው፣ ምናልባት አንተ ራስህ አምና በጥድፊያ የጻፍከው ኮድ ነው።

አጥቂም እንደዚያ የመጨረሻው መስመር ነው። ቡድኑ ሲወድቅ የሚታየው እዚያ ነው። ይህን በሥራ ቦታ በየሳምንቱ እያወራሁት ስለ ዘጠኝ ቁጥራችን ግን አንድ ቀን እንኳን አስቤው አላውቅም ነበር።

አምና የባቻችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ የዚያን የመጨረሻ ጨዋታ ቪዲዮ ለቀቀ። በስልክ ከተመልካች መሃል የተቀረጸ ነው፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጨዋታውን ከሞላ ጎደል ይዞታል። "ናሳ ሥራ ላይ" የሚል ጽሑፍ አለው። ሁሉም የሳቅ ምልክት ደረደረ። እኔም ለመሳቅ ነው የከፈትኩት።

ከዚያ ያቺ የለመድኳት ነገር ያዘችኝ፤ መቁጠር ጀመርኩ። ወረቀት አውጥቼ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። ዘጠኝ ቁጥራችን በተቃራኒ ሳጥን ውስጥ ኳስ ያገኘው አራት ጊዜ ነው። በአንድ ሙሉ ጨዋታ አራት ጊዜ። እኔ በቀኝ መስመር አስራ ዘጠኝ ጊዜ ኳስ አግኝቻለሁ። ወደ መሃል ያሻገርኩት ሦስቱን ነው። ስድስቱን ራሴ ከሩቅ መታሁ፤ አንዱም ጎሉን አልነካም። አስሩን አብዶ ስሠራ ተነጠቅሁ።

ከቁጥሩ የባሰው ግን አንድ ምስል ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ዘጠኝ ቁጥራችን መትቶ በረኛው ተፋት። ኳሷ ለቀኝ ክንፍ በምትሆን ቦታ ላይ ተንከባለለች። ቀኝ ክንፉ የለም። ካሜራው ዞር ሲል ታየሁ፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ "ለምን ለእኔ አላቀበለኝም" እያልኩ ለተመልካቹ አቤት እላለሁ። ተከላካዩ ቀስ ብሎ መጥቶ ኳሷን አወጣት።

ምን ልበላችሁ፣ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

* * *

በነገራችን ላይ "የማጥቃት መስመር" የሚለውን ስም አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል ለማን እንደሚሰጡት ሳውቅ ገርሞኛል። እንደ እንቁላል ሾጠጥ ያለችውን ኳስ በእጅ በሚጫወቱበት በዚያ ጨዋታ የማጥቃት መስመር የሚባሉት አግቢዎቹ አይደሉም። አምስት ግዙፍ ሰዎች ናቸው። መሃለኛው ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ሰጥቶ ጨዋታውን ያስጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የአምስቱም ሥራ ወርዋሪው አሻግሮ የሚያቀብለውን ሰው እስኪያይ ድረስ የሚመጣበትን ተጋጣሚ በደረታቸው መመከት ነው። በተለመደው አሰላለፍ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል እንኳን ደንቡ አይፈቅድላቸውም። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሲሳሳቱ ነው።

እኛ ጋ ማጥቃት ሲባል የምናስበው የመጨረሻውን መቺ ነው። እዚያ ስሙን የወሰዱት ለመቺው ጊዜና ቦታ የሚሰጡት ናቸው። ጨዋታው ሌላ ነው፣ ማነጻጸሩም እስከ ጥግ አይሄድም። ለእኔ ግን ስለ ራሴ የሚጠይቀውን ጠየቀኝ፤ ለዘጠኝ ቁጥራችን ጊዜና ቦታ የሰጠው ማን ነበር? ተስፋውን ግን ሁላችንም ሰጥተነዋል።

አማርኛ ለተስፋ ብዙ ግሶች አሉት። ተስፋ ይደረጋል፣ ይሰጣል፣ ይቆረጣል። ይጣላል፤ ይሰነቃል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደጋግሜ አሰብኳቸው። ሰው ላይ ተስፋ ስትጥል ከአንተ ትከሻ ወርዶ የእሱ ትከሻ ላይ ያርፋል። አንተ እጅህን አጣጥፈህ ታያለህ። ስንቅ ግን እንደዚያ አይደለም። ስንቅ ከመንገዱ በፊት ይዘጋጃል፣ የተዘጋጀበት ሰው እጅ ይታወቃል፣ ተሸካሚውንም ይመግበዋል።

እናቴ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሸኘኝ ሌሊቱን ሙሉ ገብስ ስትቆላ ነበር ያደረችው። በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነው የሄድኩት። "ተስፋዬ አንተ ነህ" ብላኝ አታውቅም። ስትደውል የምትጠይቀኝ "በላህ ወይ?" ብላ ነው።

* * *

እዚህ ላይ ራሴን መቃወም አለብኝ። ሰው በሰው ላይ ተስፋ ባይጥል ኖሮ እኔም እዚህ አልደርስም ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ የምለው፣ ነገሩን በግልጽ ነው የሚናገረው፤ "የቤታችን ተስፋ አንተ ነህ።" ይህ ቃል ከብዶኝ ያውቃል። ተመርቄ ወደ አንድ ዓመት ያህል ሥራ ባጣሁ ጊዜ ስልኩ ሲጠራ እጄ ይፈራ ነበር። የቤተሰቡ ዘጠኝ ቁጥር እኔ ነበርኩ፤ ጎሉም ባዶ፣ ኳሷም ከፊቴ፣ እኔም እየሳትኩ።

በመጨረሻ አነሳሁት። "አያ፣ እስካሁን አልተሳካም" አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "ወይፈን በአንድ ክረምት ቀንበር ይለምዳል እንዴ?" አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ስለ ዝናቡ አወራን።

አያ የሚናገረውን ያውቃል። እኛ አገር አዲስ ወይፈን ሲያቀኑ ብቻውን ወይም ከቢጤው ጋር አይጠምዱትም፤ ቀንበር ከለመደ በሬ ጋር ነው የሚያጣምሩት። ፈሩ ሲጣመም ብልህ አራሽ ወይፈኑን ብቻ አይገርፍም። ቀንበሩን ያያል፣ ጓደኛውን ያያል፣ እርፉን የያዘውን የራሱን እጅም ያያል። እና ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ለላፕቶፔ መግዣ ብሎ አያ ወይፈን ሸጧል። ያ ሰው "ተስፋችን ነህ" ሲለኝ ከራሱ በረት የወጣ ነገር አለ። ቢቆጣኝ መብት ነበረው። መብት የነበረው ሰው አልተቆጣኝም። ሻይ ቤቱ ውስጥ የጮኽነው፣ ዶርም ውስጥ ስም ያወጣሁት እኔ፣ ከበረታችን ምን አወጣን?

ስለዚህ የማምንበት ይህን ነው። በሰው ላይ ተስፋ ማድረግ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የማዘንም የመቆጣትም መብታችን በሥራው ውስጥ ባስቀመጥነው ልክ ነው። አስራ ዘጠኝ ኳስ አግኝቶ ሦስት ያሻገረ ሰው ስለ አራቷ ኳስ ሊናገር የሚችለው ጥቂት ነው። ይህ ማለት ዘጠኝ ቁጥራችን አልሳተም ማለት አይደለም። ስቷል፤ ባዶ ጎል ነበር። የእሱ ስህተት የእሱ ነው። ግን አንዲት ስህተት ናት፤ እኛ የዓመቱን ሁሉ አሸከምናት።

* * *

"ታዲያ መሻሻል በምን ይመጣል?" የሚለው ይቀራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኳስ ወዳጅ ነው፤ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ሲያወራ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ሦስት ነጥብ አስቀመጠ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ጎል። በ2014 ካሜሩን ላይ ሦስት ጨዋታ፣ ሁለት ጎል፤ አንዱን ዳዋ ሆቴሳ በአስተናጋጇ ላይ፣ ሌላውን ጌታነህ ከበደ በቡርኪናፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት። "ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት" አለና በነጥቦቹ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። "በሚቀጥለው ሦስት!" ሁላችንም ሳቅን።

የሳቅነው መስመሩ ትክክል ስለሆነ ነው። ነጥቦቹን በትክክል ይነካል፤ ግን ምንም አያውቅም። በነጥቦቹ መካከል ስንት ሜዳ ታርሶ ቤት እንደተሠራበት፣ ስንት አሰልጣኝ እንደተባረረ አያውቅም። ያው መስመር ወደ ኋላ ቢዘረጋ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ እውነቱ ግን በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በዋንጫው ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 ስንረታ፣ በአንድ ቀን ያገባነው በእነዚህ ዘጠኝ ጨዋታዎች ሁሉ ካገባነው ይበልጣል። በሰኔ 2014 ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ፤ አገሩ በደስታ ሰከረ። ያ ጨዋታ "የሜዳችን" ጨዋታ ነበር። የተደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አገራችን ውስጥ ስላልነበረ። አጥቂዎቹ ሥራቸውን ሠሩ። ሜዳ የማዘጋጀቱ ሥራ የአጥቂ አይደለም።

ወላጆቻችን ለሁለቱ ተስፋዎች ሁለት ተረት ትተውልናል። አንዱ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን አላይ" ነው። ሌላው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" ሁለተኛውን ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ለትዕግሥት ነው፤ ቆይ፣ ጠብቅ፣ ይሻሻላል ለማለት። ዶሮ ያረባ ሰው ግን ያውቃል፤ እንቁላል በመጠበቅ ብቻ ይበላሻል እንጂ አይሄድም። ሃያ አንድ ቀን የታቀፈችው ዶሮ አለች። ተረቱ ውስጥ ስሟ የለም፤ ቀስ በቀሱን ቀስ በቀስ ያደረገችው ግን እሷ ናት። የእኛ ቡድን "ዘንድሮስ ተስፋ አለን" ሲል እንቁላሉን አይቷል። ማን እንደሚታቀፍ አልተነጋገርንም።

* * *

ቪዲዮውን ካየሁ ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ከግሩፓችን አገኘሁና ጻፍኩለት። አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ይህን ያህል ዓመት በአንድ ከተማ ኖረን አንገናኝም። የቆጠርኩትን ሁሉ ላክሁለት። አስራ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ስድስት፣ አስር፤ በአንጻሩ አራት። የስሙንም ነገር ነገርኩት፤ እኔ እንደሆንኩ። ይቅርታ አልኩት።

መልሱ ሁለት ቀን ቆየ። "አውቅ ነበር" ይላል። "ስሙንም፣ ኳሱንም።"

ደወልኩለት። "ታዲያ ለምን ያኔ አልተናገርክም?" አልኩት።

"ብናገር ማን ይሰማኛል? ያላገባሁት እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ሳቅ ብሎ "ደግሞ አንተም ያገሬ ልጅ ነህ፣ ሰው ፊት ምን ብዬ?" ጨመረበት።

እኔ ስም ሳወጣለት እሱ ለእኔ ገበና ሸፍኖልኛል። መንገዱ ሰላም ሲሆን አብረን ወደ አገር እንሄዳለን ተባብለናል፤ እሱ መካነ ሰላም ይወርዳል፣ እኔ ወደ ወግዲ እቀጥላለሁ። እስከዚያው እሁድ እሁድ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሜዳ ተከራይተን እንደምንጫወት ነገርኩትና "ና" አልኩት። ለአንድ ወር ያህል ምክንያት ሲሰጥ ቆይቶ መጣ። ወፍሯል። ፊት ላይ መቆም አልፈልግም ብሎ ተከላካይ ሆነ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ሰው ሲጎድል ግን ወደ ፊት ሄደ።

ከቀኝ ኳስ አሻገርኩለት። መታ፤ በረኛው ተፋት። እኔ ያኔ እየሮጥኩ ነበር። አልደረስኩባትም። ትንፋሼ ተቆርጦ ጉልበቴን ይዤ ስቆም መጥቶ ጀርባዬን መታ አደረገኝና ወደ ቦታው ተመለሰ።